ገጠር ቦታ ልገዛ ነው፣ ውሉን ምን ብዬ ላጽፍ?

ይህ የውይይት ክር ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲያነበው ከርሟል። መልሱ እየበዛ ስለሄደ አዲስ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ያለውን በራሴ አባባል ልንገራችሁ። የብዙ ሰው ጥሪት የሚበላ ጉዳይ ስለሆነ የራሴንም ሐሳብ ጣል ጣል ማድረጌ አይቀርም።

ጠያቂው አዲስ አበባ ተከራይቶ የሚኖር የልጆች አባት ነው። ሰሜን ሸዋ፣ ከጫጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ 400 ካሬ ቦታ ተገኝቶለታል። ሻጩ በዕድሜ የገፉ አርሶ አደር ናቸው። ያገናኛቸው ደላላ ደግሞ የሚስቱ የሩቅ ዘመድ ነው። ዋጋው አዲስ አበባ ከሚጠራው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አስፋልቱ ቅርብ ነው፣ ደብረ ብርሃንም ሩቅ አይደለም። ውሉ ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት ይጻፋል፣ ቀበሌውም ማኅተም ያሳርፍበታል ተብሎ ተነግሮታል። የጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ውሉ ላይ ምን ቢጻፍ ነው ወደፊት ማንም የማይነቀንቀው?

1ኛው መልስ ምርቃት ነበር። የልጆችህ ማደጊያ ያድርግልህ ብሎ ጀመረ። እሱም በዚሁ መንገድ ገዝቶ፣ ቤት ሠርቶ እየኖረ እንደሆነና እስካሁን ለምን ያለው ሰው እንደሌለ ተናገረ። 2ኛው ይህንኑ አጠናከረ። ገጠር ውስጥ ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ከየትኛውም ወረቀት ይጸናል፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው እድር ላይ ቀና ብሎ አይቀመጥም አለ። ይህን ሲጽፍ ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል።

ክሩ የዞረው 3ኛው መልስ ላይ ነው። ጸሐፊው ትሁት ነው፣ የሕግ ሰው እንደሆነም አጻጻፉ ይናገራል። መጀመሪያ ሁለቱን አመሰገነ። ከዚያ ጥያቄው ራሱ ከመነሻው መታረም አለበት አለ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ነገሩ በ1987 የተጀመረም አይደለም። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ካደረገ ጀምሮ የመሬት ሽያጭን ለገዢ የሚያጸና ሕግ የለም። አርሶ አደሩ ያላቸው የይዞታ መብት ነው። ያርሱታል፣ ያከራዩታል፣ ለልጆቻቸው ያወርሱታል፣ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ለቤተሰብ በስጦታ ያስተላልፉታል። መሸጥ ግን በእጃቸው ያለ መብት አይደለም። ስለዚህ ውሉን የቱንም ያህል ብታሳምረው ሰውየው የሌላቸውን ነገር ሊሰጡህ አይችሉም ብሎ ጨረሰ።

እኔ ለጠያቂው የተሰጠው ትክክለኛ መልስ ይኸው ነው ባይ ነኝ። ግን እዚህ ያለው ሰው ግማሹ ገዝቷል፣ ግማሹ ሊገዛ ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚዋጥ አልሆነም።

4ኛው ወዲያው መውጫ አቀረበ። ያው አንቀጽ 40 ወረድ ብሎ ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬት ላይ ያፈራውን ንብረት መሸጥ መለወጥ ይችላል ይላል። ታዲያ ሰውየው ቤት ካላቸው ቤቱን ሽጠውልኛል ብለህ አጽፍ፣ መሬት የሚል ቃል ከውሉ አውጣው ነው ምክሩ። ብዙ ላይክ ያገኘው ይህ መልስ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

5ኛዋ ለዚሁ መለሰች። ደላላ ለገዢ የሚያሳየውን እንዲህ ዓይነት ቤት በዓይኗ አይታለች። ምሰሶው ልጡ ያልተላጠ ርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ጭቃው ከውጭ ደርቋል፣ ጣት ሲነኩት ግን ውስጡ ይለጠፋል። ላዩ ላይ ከሌላ ቤት የተነቀለ፣ የድሮው ሚስማር ቀዳዳ ያልተደፈነ ቆርቆሮ ተመቶበታል። በር አለው፣ ቁልፍም አለው። ገባ ሲሉ ግን ወለሉ ላይ የታጨደው ገብስ ሥሩ እንኳ አልተነቀለም። እንዲህ ያለው ቤት የቆመው ሰው እንዲኖርበት አይደለም፣ ውሉ ላይ ቤት የሚል ቃል እንዲገባ ነው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ደግሞ ቃሉ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ነው አለች። 3ኛው ተመልሶ መጥቶ አንድ ነገር ጨመረ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የምር ቤት ከሆነ የሚሸጠው፣ ለምን ተሸፋፍኖ ሽማግሌ ቤት ይጻፋል?

6ኛው መልስ የአንድ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ታሪክ ነው። ቦታ የገዛው ከባልየው ነበር። ሚስቲቱ በዚያን ቀን ገበያ ሄደዋል ተብሎ ውሉ ያለ እሳቸው ተፈረመ። ቤቱን ሠራ፣ አጥር አጠረ፣ ጌሾ ተከለ። ባልየው ሲሞቱ ሚስቲቱና ልጆቻቸው ከሰሱት። አማራ ክልል ውስጥ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ፣ ፎቷቸውም ጎን ለጎን ተለጥፏል። ሴትየዋ ደብተሩን ይዘው ችሎት ቆሙ። እሱ የያዘው ባለሁለት ገጽ የመንደር ውል ነው፤ ከፈራሚዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ ሞተዋል፣ አንዱ ደግሞ አላስታውስም አሉ። ተፈረደበት። ሴትየዋን አይቀየምም። እኔ ብሆንም እንደዚያው አደርግ ነበር ብሏል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ይህ ሰው ሦስት ነገር ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ጉዳዩ ውል ሳይደርስ ይቆም ነበር። ደብተሩ የት አለ? ደብተሩ ላይ ማን ማን አለ? እነሱስ ምን ይላሉ? ጠያቂያችን የሻጩን ሚስት ስም እንኳ አልጻፈልንም ነበር።

7ኛው መልስ ብዙ ሰው ያስለቀሰው ነው። የጻፈችው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ደመወዟን በየወሩ ለወንድሟ ትልክ ነበር፣ ትውልድ አገሯ ቦታ ገዝቶ ቤት እንዲያቆምላት። ወንድሟም ፎቶ ይልክላታል። መጀመሪያ የድንጋይ ክምር፣ ቀጥሎ መሠረት፣ ቀጥሎ እስከ መስኮት የደረሰ ግድግዳ። ለእረፍት ስትመጣ ቤቱ እውነትም አለ። ወንድሟ ግን ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶበታል። ቦታው በእሱ ስም ነው፣ ሽማግሌዎቹም የሚያውቁት እሱን ነው። የእሷ ስም አንድም ወረቀት ላይ የለም። የባንክ ደረሰኞቿን ይዛ የት እንደምትሄድ ነበር የጠየቀችው። ወንድሟን ልትከሰው አልፈለገችም፤ እናቷ በሕይወት አሉ።

8ኛውና 9ኛዋ እሷን የሚያጽናኑ ናቸው። አንዱ ደረሰኙን አስቀምጪው፣ ገንዘቡ ለምን እንደተላከ የሚያሳዩ የስልክ መልእክቶችንም እንዳታጠፊ አላት። ሌላዋ እናትሽ ባሉበት፣ የንስሐ አባታችሁ ተጨምረውበት በሽምግልና ይታይ አለች። 10ኛው ግን ቁስል ላይ ጨው ነሰነሰ። ሞኝ ገንዘቡን ለወንድሙ ይልካል ዓይነት ነገር ጻፈ። አራት ሰው ተነሣበት፣ እሱም ይቅርታ ሳይጠይቅ ጠፋ። እኔ እንዲህ ያለው ንግግር እዚህ ቦታ ሊኖረው ይገባል ብዬ አላምንም። ሰው ወንድሙን ማመኑ ጥፋት አይደለም።

11ኛው መልስ ለኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። ጸሐፊው በአንድ ወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። ስለ ቀበሌ ማኅተም አብራራ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ውል ላይ ማኅተም ቢመታ ይዞታ አያዛውርም፣ ሥልጣኑም አይደለም። የይዞታ ለውጥ የሚመዘገበው ወረዳ ነው። እዚያ መዝገብ አለ፤ የማሳው መለያ፣ የባለይዞታው ስም፣ የትዳር ጓደኛ ስም፣ በአራቱም ማዕዘን አዋሳኞቹ ተጽፈዋል። የሁለተኛ ደረጃ ደብተር፣ ማለትም ማሳው ተለክቶ የሚሰጠው ደብተር፣ የተሰጠበት ቦታ ከሆነ ደግሞ የማሳው ካርታ ጭምር አለ። ሻጩ ባለይዞታ ከሆኑ አብረውህ ሄደው መዝገቡን ማስፈተሽ አይከብዳቸውም። ደላላው ወረዳ መሄድ ምን ያደርጋል፣ ነገር ታበዛላችሁ ካለ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ይኸው ሰው አንድ ሌላ ነገር ነገረን፣ እኔ በበኩሌ አስቤው አላውቅም ነበር። አስፋልት ዳር በደላላ የሚሸጠው ሁሉ የግለሰብ ማሳ አይደለም። አንዳንዱ የወል ግጦሽ ነው። ከብት የሚሰማራበት፣ መንደሩ ሁሉ የሚጠቀምበት መስክ ነው። ከመስኩ ጋር የሚዋሰን ገበሬ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ይይዘዋል፣ ኋላ ያንን ቆርሶ ለከተማ ሰው ይሸጠዋል። ገዢው አጥር ሲያጥር መንደሩ በሙሉ ይነሣበታል። ከአንድ ሰው ጋር መጣላት አንድ ነገር ነው። ከብቱን ውኃ የሚያወርድበት ከተዘጋበት መንደር ጋር ተጣልቶ ግን ገጠር መኖር አይታሰብም።

12ኛው የመጣው በቁጣ ነው። አንቀጽ የምትጠቅሱ ሰዎች ሁላችሁም ቤት አላችሁ አለ። ከተማ ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ነው፣ ጨረታውን የሚያሸንፈው ባለ ብር ነው። ደመወዝተኛ የት ይሂድ? ሕጉ ለድሃ በሩን ከዘጋ ድሃው በመስኮት ቢገባ ምን ይደንቃል? ብዙ ሰው ተስማማ። እኔም ንዴቱ ይገባኛል። የቤት ኪራይ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለማ። ግን ንዴቱ ትክክል መሆኑ የሚገዛውን ወረቀት ትክክል አያደርገውም።

13ኛው መለሰለት፣ እሱም አልለሰለሰም። የካቲት 2011 ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ግሬደር ሲገባ ድሃው በመስኮት ገብቶ የሠራው ቤት ምን እንደሆነ አላየህም ወይ አለው። ሰዎቹ ከገበሬ ገዝተው፣ ዓመታት ኖረውበት፣ መብራት አስገብተው፣ አንዳንዶቹም ግብር ከፍለው ነበር። የመብራት ቆጣሪ ይዞታ አይሆንም። ሸገር ከተማ ከተቋቋመ በኋላም በ2015 ያው ታሪክ በሰፊው ተደገመ። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት 14፣ 15 እና 16 ወደ ፖለቲካ ገቡ። ማን አፈረሰ፣ ማን ተፈናቀለ፣ የማን ብሔር ነው ሲባባሉ አወያዩ ሁለቱን አጥፍቶ ክሩን ለአንድ ሌሊት ዘጋው።

በነጋታው ሲከፈት አየሩ ቀዝቅዞ ነበር። 17ኛው ጭራሽ ስለ ግንባታ ጠየቀ። በዚያ አካባቢ ያለው አፈር ጥቁር መረሬ ከሆነ መሠረቱ እንዴት ነው የሚሠራው? 18ኛው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ድንጋይ ሲያነጥፍ የኖረ ግንበኛ ነው። መረሬ በበጋ እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ላዩ ላይ የተሠራ ቤት በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ከማዕዘን ይተረተራል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ አፈሩ ይውጣ፣ በድንጋይና በገረጋንቲ ይሞላ፣ በዙሪያውም ውኃ መውረጃ ቦይ ይኑረው አለ። ቦታ ለማየት ደግሞ በሐምሌ ሂዱ። በጥር ያማረ ሜዳ በሐምሌ ረግረግ ሆኖ ይገኛል። ስለ ብርዱም ተናገረ። ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ብሎኬት ቤት እዚያ ማቀዝቀዣ ነው። ያገሬው ሰው በወፍራም ድንጋይ የሚሠራው ቢያውቅበት ነው።

ከ19 እስከ 22 በዚሁ ሄዱ። ድንጋዩን በጭቃ ይሻላል ወይስ በሲሚንቶ፣ አጥር ላይ ባህር ዛፍ መትከል ጉድጓድ ውኃ ያደርቃል ወይስ አያደርቅም። ሁለት ሰዎች ስለ ባህር ዛፍ ክፉኛ ተከራከሩ፤ አንዱ ያለ እሱ ይህ አገር ምን ያነድ ነበር ይላል፣ ሌላው ምንጫችንን ጨረሰው ይላል። አልገባበትም።

23ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ሁሉንም አንብቧል። ወደ 4ኛው ምክር ያዘነበለ ይመስላል። ሰውየው ደግ ሰው ናቸው፣ ታመው መታከሚያ ስለቸገራቸው ነው የሚሸጡት፣ እኔም እየረዳኋቸው ነው አለ። ቀብድ እንደሰጠም የነገረን እዚህ ላይ ነው።

24ኛዋ ለዚህ የጻፈችውን ከክሩ ሁሉ ለይቼ አነበብኩት። የገበሬ ልጅ ናት፣ አሁን ደብረ ብርሃን ታስተምራለች። ሕግ አልጠቀሰችም። አባቷ አንድ ጥማድ መሬት ሲታመሙ ቆርሰው ሸጡ። ገንዘቡ ለሆስፒታልና ለመድኃኒት፣ የተረፈው ለበሬ ዋለ። በሬውም ሞተ። ታናሽ ወንድሟ አድጎ ሚስት ሲያገባ ጎጆ የሚወጣበት ቦታ የለም፤ ቀበሌ ሄዶ ሲጠይቅ አባትህ ይዞታ ነበራቸው ይባላል። ዛሬ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ያቦካል። እዚያው መሬት ላይ የቆመው ቤት ባለቤቱ በዓመት አንዴ ለጥምቀት ይመጣል፣ በቀረው ጊዜ ዘበኛ ይጠብቀዋል። አባቷን ማንም አላስገደዳቸውም፣ ገዢውም ክፉ ሰው አልነበረም። ሰውየውን ልትረዳ ከፈለግህ መታከሚያውን አበድራቸው፣ ወይም ማሳቸውን በሕጋዊ ውል ተከራየው። መርዳትና መግዛትን አታቀላቅል አለችው።

ስለ ውል አጻጻፍ ስናወራ የሰነበትነው ሁላችን ይህን ዘለነዋል። ሕጉ አይሸጥም ሲል ገዢውን ለማስቸገር ብቻ አይደለም። ታሞ ወይ ተርቦ የጨነቀው ገበሬ በአንድ ቀን የልጆቹን መኖሪያ እንዳያጣ ነው። ሕጉ ገበሬውን ከመቸገር አላዳነውም፣ መሬት እንደ ልብ እንዳይለወጥም አስሮታል ብሎ የሚከራከር አለ፤ ክርክሩም ተራ ክርክር አይደለም። ግን በሽተኛ ሽማግሌ በደላላ በኩል በድብቅ ሲሸጡ የሚያገኙት ዋጋ የነፃ ገበያ ዋጋ ነው ብሎ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም። ሁሉም የሚፈራበት ገበያ ላይ የሚያተርፈው ደላላው ነው።

25ኛው ብልጠት ይዞ መጣ። ሽያጭ አትበሉት፣ ወለድ አገድ በሉት። ሰውየው ገንዘብ ተበድረዋል፣ እስኪከፍሉ መሬቱን ይዘሃል፣ ወለዱ ምርቱ ነው። ወይም ደግሞ ውክልና ይስጡህ። 26ኛው ሁለቱንም አፈረሳቸው። ወለድ አገድ ማለት ተበዳሪው በፈለገ ጊዜ ብሩን ከፍሎ መሬቱን ይመልሳል ማለት ነው፣ በብድር ስም መሬት አሳልፎ መስጠት ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ሲወድቅም ታይቷል። ውክልና ደግሞ የሰጠው ሰው ባሻው ቀን ይሽረዋል፣ ሲሞትም አብሮ ይቀራል። የታመሙ ሽማግሌ ውክልና ላይ ቤት ይሠራል ወይ አለ። አነጋገሩ ሻከር ቢልም ትክክል ነው።

27ኛው ከዋሽንግተን ነው የጻፈው። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለው የውጭ ዜጋ ገጠር ቦታ መያዝ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። 3ኛው አጭር መልስ ሰጠው። በ1994 የወጣው አዋጅ 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ መብት ሰጥቷል፤ ዜጋው ራሱ ሊገዛው የማይችለውን የገጠር መሬት ግን ቢጫ ካርድ አያስገዛም። ቤት ከፈለግህ ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ፈልግ አለው።

28ኛው ከተማ ሲሰፋ ያተርፋል ብሎ ለሚገዛ ሰው የጻፈው ነው። ደብረ ብርሃን እየሰፋች ዙሪያዋን ያሉ ቀበሌዎች ውስጥ ገብታለች። ያኔ መንግሥት መሬቱን ለልማት ቢወስደው በ2011ዱ አዋጅ 1161 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ምትክ መሬት ያልተገኘለት አርሶ አደር ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢውን 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ ያገኛል። ደብተሩ ላይ ስሙ የሌለ ገዢ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ሻጩ ካሳውን ሲቀበሉ እሱ ዳር ቆሞ ያያል።

29ኛው ወደ 1ኛው መላሽ ዞሮ ኃይለኛ ቃል ተናገረ። አንተ እስካሁን ስላልተነካህ ሰውን ገደል እየመራህ ነው አለው። 1ኛው መለሰ፣ የሚገርመው ግን በቁጣ አይደለም። የሸጡለት ሰው እድሜ ይስጣቸው በሕይወት አሉ፣ ልጆቻቸውም ያከብሩታል። ግን ክሩን ካነበበ ወዲህ ልጆቻቸው ነገ ምን ይላሉ የሚለው ነገር እንቅልፍ እንደነሳው ጻፈ። ደብተሩ የማን እንደሆነም ጠይቆ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚህ በኋላ ማንም አልተናገረውም።

ታዲያ ምን ይደረግ ላለው 31ኛው አንዳንድ መንገድ ጠቆመ። ጫጫን የመሰለ ማዘጋጃ ያለው ከተማ ውስጥ ያለ መሬት በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ 721 ነው የሚተዳደረው፣ ለመኖሪያ ሲሆን ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ትንንሽ ከተሞች ላይ ጨረታው እንደ ትልልቆቹ የማይቀመስ ላይሆን ይችላል። ካርታ ያለው አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስም አለ። ለዚያ ከተማ ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ በዝግ ሒሳብ ቆጥቦ ቦታ የሚያገኝበት አሠራር አለ። ወላጆቹ ባለይዞታ የሆኑ ሰው ከሆነም በወላጆቹ ግቢ ምን ሊሠራ እንደሚችል መጀመሪያ የክልሉን ሕግ ይጠይቅ፤ አማራ ክልል በ2009 ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ 252 አለ፣ የፌዴራሉም በ2016 በአዋጅ 1324 ተተክቷል። የመንደር አዋቂ የሚነግረው ብዙ ጊዜ የድሮውን ነው።

32ኛው ላይ ጠያቂው መጥቶ የሆነውን ነገረን። ሻጩን ወረዳ አብረን እንሂድ አላቸው። እሳቸው እሺ አሉ፣ ደላላው ግን አልሆነለትም። መጀመሪያ አስፈላጊ አይደለም አለ፣ ቀጥሎ ሌላ ገዢ መጥቷል አለ፣ በመጨረሻ ስልክ ማንሣት ተወ። ሰውየውና ጠያቂው ያለ እሱ ሄዱ። መዝገቡ ላይ ማሳው የተመዘገበው በሽማግሌውና በባለቤታቸው ስም ነው። ባለቤታቸው ሽያጩን ጭራሽ አልሰሙም። ቤት ተመልሰው ሲነግሯቸው መሬቱን ከመሸጥ ላሟን እንሸጣለን አሉ። ስለዚህ ጠያቂው ተወው።

የቀረው የቀብዱ ጉዳይ ነበር። 33ኛው ቀብድ ተቀባይ ውል ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ ሕጉ ነው፣ እጥፉን ጠይቅ አለ። 3ኛው አረመው። እጥፍ የሚባለው ውሉ ራሱ የጸና ሲሆን ነው። ፈራሽ በሆነ ውል የሚጠየቀው ሁሉም ወደ ነበረበት እንዲመለስ ነው፤ የሰጠኸውን ትቀበላለህ፣ ከዚያ በላይ የለም። 34ኛዋ ደግሞ የታመመ ሰው ላይ እጥፍ መጠየቅ ነውር ነው ብላ 33ኛውን ገሠጸችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ጠያቂው 35ኛው ላይ እንደጻፈው ገንዘቡ ግማሹ ተመልሷል። የቀረውን ደላላው ከእኔ እጅ ገብቷል ብሎ ለሽማግሌዎቹ አምኗል፣ ገብስ ሲነሣ እከፍላለሁ ብሏል። 36ኛው ያንን ቃሉን በጽሑፍ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት ተቀበል አለው። ጠያቂው አሁን ጫጫ ከተማ ውስጥ አንድ ባለሁለት ክፍል ቤት አይቷል፣ ካርታ አለው ተብሏል። ምን ላድርግ ሲል 3ኛው ካርታውን በፎቶ ብቻ አትይ፣ ቁጥሩን ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት የለበትም ጠይቅ፣ ባለቤቱ ያገባ ከሆነ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አግኛቸው፣ እስከዚያ ድረስ ቀብድ የሚባል ነገር አትስጥ ብሎታል።